ገጹ ሲታደስ የማይጠፋ መዝገብ፦ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገር የገበያ ዋጋ ድረ ገጽ አሠራር

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ኮድ መጻፍ የሚማሩ ወጣቶች በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ትንሽ ጃቫስክሪፕት ተምሬያለሁ፤ ቅጹም ቁልፉም ይሠራል፤ ገጹን ሪፍሬሽ ሳደርገው ግን የመዘገብኩት ሁሉ ይጠፋል፤ ጓደኛዬም በስልኩ ሲከፍተው ምንም አያይም፤ ምን ጎድሎ ነው?» የጎደለው፣ መረጃው ከብራውዘሩ ወጥቶ ሰርቨሩ (ጥያቄ ተቀብሎ የሚመልሰው ፕሮግራም) ዘንድ የሚደርስበት፣ ዳታቤዝ (መረጃ በሰንጠረዥ ተደርድሮ የሚቀመጥበት መዝገብ) ውስጥ የሚያርፍበትና ሲጠየቅ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህ መመሪያ ያንን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ያሠራዎታል። ምሳሌያችን የእህል ዋጋ መመዝገቢያ ነው፤ መዝጋቢው የዕለቱን ዋጋ ያስገባል፣ ሌላው ሰው በስልኩ ከፍቶ ያየዋል።

ሥራውን ሁሉ የሚመራ አንድ ሕግ አለ፤ አንዱ ክፍል መሥራቱን በዓይንዎ ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው አይለፉ። ገጹን፣ ሰርቨሩንና ዳታቤዙን በአንድ ጊዜ ጽፈው ሲያበቁ አልሠራ ቢል፣ ጥፋቱ ከሦስቱ በየትኛው እንዳለ የሚያውቁበት መንገድ አይኖርዎትም።

ትእዛዞቹን እዚህ የምጠራቸው በአማርኛ አነባበባቸው ነው። በኮድዎ ውስጥ የሚጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነ ትክክለኛ አጻጻፋቸውን ከኤምዲኤን (የድረ ገጽ ትእዛዞች ማብራሪያ ድረ ገጽ)፣ ከኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያሠራ ፕሮግራም) እና ከኤክስፕረስ (በኖድ ላይ ሰርቨር መጻፍን የሚያቀል የተዘጋጀ ኮድ) ሰነዶች ይውሰዱ። አንድን ትእዛዝ ፈልጎ አንብቦ መጻፍ የተዘጋጀ ኮድ ከመለጠፍ ይዘገያል፤ ነገር ግን በሚቀጥለው ሥራዎ ላይ ሰው ሳይጠይቁ እንዲቆሙ የሚያደርግዎ እሱ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ኮምፒውተር። ዊንዶውስም ሊነክስም ይሆናል።
- ኖድ ጄኤስ፣ ስሪት 24 ወይም ከዚያ በላይ። ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ አብሮት ስለሚመጣ ለብቻው ለማውረድ ዳታ አያወጡም።
- ኮድ መጻፊያ፣ ለምሳሌ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ።
- ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ብራውዘር።
- በዋይፋይ ወይም በሆትስፖት ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ስልክ።
- ደብተርና እስክሪብቶ።

ኢንተርኔት የግድ የሚያስፈልግዎ ፕሮግራሞቹን ሲያወርዱና በደረጃ 2 ኤክስፕረስን ሲጭኑ ብቻ ነው። ኔትወርክ ባገኙበት ሰዓት የሚፈልጓቸውን የሰነድ ገጾች ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጡ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ደረጃ 1፦ የሚመዘገበውን በወረቀት ላይ ይወስኑ

ከኮድ በፊት ደብተር ያውጡ። በባቲ የሰኞ ገበያ ማሽላ በኩንታል ስንት እንደዋለ ሊመዘግቡ ነው እንበል። አንድ ምዝገባ አምስት ነገር ይይዛል፦ ገበያ፣ እህል፣ መለኪያ፣ ዋጋና ቀን። እነዚህ አምስቱ የሰንጠረዥዎ ዓምዶች ይሆናሉ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ በኋላ ለማስተካከል ከሁሉም የሚከብደው ግን እዚህ የተሠራ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ኮድን በአንድ ሰዓት መለወጥ ይቻላል፣ ለወራት የተበላሸ መዝገብን ግን በአንድ ሰዓት ማጥራት አይቻልም።

ገበያውን እንመልከት። የገበያውን ስም ሰው በነጻ እንዲጽፈው ከተዉት አንዱ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ሃይቅ» ይላል። ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ፣ ሀ እና ሃ እያንዳንዳቸው የተለያየ የዩኒኮድ ቁጥር ስላላቸው ሦስት የማይተዋወቁ ከተሞች ናቸው። «ወልዲያ»ና «ወልድያ»፣ «ኮምቦልቻ»ና «ኮንቦልቻ» የሚሉትም እንዲሁ። ስለዚህ የገበያዎቹንም የእህሎቹንም ስም በየራሳቸው ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፈው ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር ይስጡት። መዝጋቢው ከዝርዝር ይመርጣል፤ በዋጋዎቹ ሰንጠረዥ ውስጥ የሚገባው መለያ ቁጥሩ ነው።

መለኪያውን ሳይጽፉ ዋጋ አይመዝግቡ። አንዱ የጤፍን ዋጋ በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል ቢያስገባ፣ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ በመሆኑ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የመቶ እጥፍ ልዩነት ይኖራል፤ ከዚያ የሚወጣው አማካይ ለማንም አይጠቅምም። መለኪያውንም ከዝርዝር ያስመርጡ።

ዋጋውን በሳንቲም፣ ማለትም ነጥብ በሌለው ሙሉ ቁጥር ያስቀምጡ። 85 ብር ከ50 ሲሆን 8550 ብለው ይጻፉ፤ ለሰው ሲያሳዩ ብቻ ለ100 ያካፍሉት። ጃቫስክሪፕት ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች የሚይዘው በግምት ነው፤ 0.1 እና 0.2 ሲደምር እንኳን ልክ 0.3 አይሰጥም።

ቀኑን መዝጋቢው እንዳይጽፈው ያድርጉ፤ ሰርቨሩ ይሙላው። ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመት፣ ወርና ቀን በሚል ቅደም ተከተል ያስቀምጡት፤ እንዲህ ሲሆን በፊደል ተራ መደርደሩ በጊዜ ተራ መደርደር ይሆናል። ለተመልካቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለውጠው የጃቫስክሪፕቱ ኢንትል የተባለ መሣሪያ ነው፤ የቀን መቁጠሪያውን «ኢትዮፒክ» ብለው ይምረጡለት።

ማስጠንቀቂያ፦ የዛሬን ቀን ቱ አይኤስኦ ስትሪንግ በተባለው ትእዛዝ አይውሰዱ። እሱ የሚሰጠው ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ የሚቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የተመዘገበ ሁሉ የትናንት ተብሎ ይገባል። ቀኑን ሲጠይቁ የጊዜ ክልሉን «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ብለው ይግለጹ። ይህ ስሕተት በቀን ሰዓት ስለማይታይ ወራት ሊቆይ ይችላል።

ደረጃ 2፦ መሣሪያዎቹን ይጫኑ

ኖድን ይጫኑና ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ከፍተው ስሪቱን ይጠይቁት፤ ቁጥር ከመለሰ በትክክል ተጭኗል። አዲስ ፎልደር ይፍጠሩ፣ ፎልደሩ ውስጥ ሆነው በኤንፒኤም (ከኖድ ጋር በሚመጣው የተዘጋጀ ኮድ ማውረጃ) ፕሮጀክቱን ያስጀምሩ፣ ከዚያ ኤክስፕረስን ይጫኑ። የፎልደሩን ስም ያለ ክፍተት በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉት፤ አንዳንድ መሣሪያዎች በክፍተትና በሌላ ፊደል ይደናገራሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ቃል ብቻ የሚመልስ ሰርቨር ያቁሙ

ሰርቨር ማለት ጥያቄ እስኪመጣለት የሚጠብቅ፣ ሲመጣለትም የሚመልስ ፕሮግራም ነው። በኤክስፕረስ ዋናው አድራሻ ሲጠየቅ «ደርሷል» የምትል ቃል ብቻ የሚመልስ አጭር ፋይል ይጻፉ፤ በፖርት 3000 እንዲጠብቅ ያድርጉት፤ ፖርት ማለት ጥያቄው ኮምፒውተሩ ውስጥ ወደ የትኛው ፕሮግራም እንደሚሄድ የሚለይ ቁጥር ነው። በኖድ ያስነሱትና ብራውዘርዎ ላይ ሎካልሆስት፣ ባለ ሁለት ነጥብ (:)፣ 3000 ብለው ይክፈቱ። ቃሉን ካዩ ጥያቄና መልስ መመላለስ ጀምረዋል ማለት ነው።

ፋይሉን በለወጡ ቁጥር ሰርቨሩን አጥፍተው ማስነሳት ይኖርብዎታል፤ የተነሳው ሰርቨር የሚያውቀው ሲነሳ ያነበበውን ኮድ ብቻ ነው። ኖድን «ዎች» በሚለው አማራጭ ካስነሱት ይህን ራሱ ያደርገዋል። ፖርቱ ተይዟል የሚል ኢረር ከመጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያስነሱት ሰርቨር በሌላ ተርሚናል ላይ ገና ስላልጠፋ ነው።

ደረጃ 4፦ ዳታቤዙን ይፍጠሩ

እዚህ አንድ ትንሽ ሙከራ እንዲያደርጉ እለምንዎታለሁ። መጀመሪያ ሦስት ዋጋዎችን ሰርቨሩ ኮድ ውስጥ በተራ ዝርዝር ያስቀምጡ፣ አራተኛ ይጨምሩበት፣ ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍተው ያስነሱት። አራተኛው የለም። መብራት በሄደ ቁጥር የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ዝርዝሩ የነበረው በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማኅደር ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። ዳታቤዝ የሚያስፈልገው መረጃው ዲስክ ላይ ተጽፎ እንዲቀር ነው።

አሁን ኤስኪውላይትን ከኖድ ውስጥ ይጥሩና የዳታቤዝ ፋይል ያስከፍቱት። በደብተርዎ ላይ የነደፏቸውን ሰንጠረዦች ክሪየት ቴብል በሚለው ትእዛዝ ይፍጠሩ፤ «ከሌለ ብቻ» የሚለውን ሐረግ ይጨምሩበት፣ አለበለዚያ ሰርቨሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሳ ሰንጠረዡ አለ ብሎ ይቆማል። ገበያዎቹንና እህሎቹን ያስገቡ፣ አንድ ዋጋም በእጅዎ ያስገቡ፣ ሰርቨሩን አጥፍተው ያስነሱና መልሰው ያንብቡት። ካገኙት ይለፉ።

በዋጋዎቹ ሰንጠረዥ ላይ ገበያው፣ እህሉ፣ መለኪያውና ቀኑ አራቱም አንድ ላይ እንዳይደገሙ ዩኒክ የሚለውን ገደብ ይጣሉ። ምክንያቱን በደረጃ 7 ያገኙታል።

ደረጃ 5፦ ሁለት በሮች ይክፈቱ

ብራውዘሩ ዳታቤዙን በቀጥታ አይነካውም፤ መነካትም የለበትም። የሚያገኘው ሰርቨሩ በከፈተለት በር በኩል ነው። ሁለት በር ይበቃናል። የመጀመሪያው በጌት (መረጃ ስጠኝ በሚል የጥያቄ ዓይነት) ሲጠየቅ ዋጋዎቹን በጄሰን (መረጃ በጽሑፍ ተደራጅቶ በሚተላለፍበት ቅርጽ) መልክ ይመልሳል። ሁለተኛው በፖስት (መረጃ ተቀበለኝ በሚል የጥያቄ ዓይነት) አዲስ ዋጋ ይቀበላል።

ጌቱን አስቀድመው ይሥሩ፤ አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፈው በቀጥታ ማየት ስለሚችሉ ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ፖስቱን ሲሠሩ ኤክስፕረስ የሚመጣውን ጄሰን እንዲያነብ አስቀድመው ይዘዙት፤ ካላዘዙት የተላከው ሁሉ ባዶ ሆኖ ይታይዎታል። ጀማሪዎችን ግማሽ ቀን የሚያስቀምጣቸው ብዙውን ጊዜ ይህች አንድ መስመር ናት።

የመጣውን መረጃ ሳያጣሩ አያስገቡ። የገበያው ቁጥር በሰንጠረዡ ውስጥ አለ? ዋጋው ሙሉ ቁጥርና ከዜሮ በላይ ነው? ካልሆነ 400 የሚለውን ቁጥር ከነምክንያቱ ይመልሱ። በትክክል ከተመዘገበ 201፣ ቀድሞ ተመዝግቦ ከተገኘ 409 ይመልሱ፤ ያልጠበቁት ስሕተት ከተፈጠረ 500 ይሄዳል። ገጹ ለሰው ምን ብሎ መናገር እንዳለበት የሚያውቀው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ገጹ ላይ ያለው ማጣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ማንም ሰው ገጹን ሳይከፍት ለሰርቨርዎ ጥያቄ መላክ ይችላልና።

ማስጠንቀቂያ፦ ከተጠቃሚ የመጣን ቃል ከኤስኪውኤል (ዳታቤዝ ከሚታዘዝበት ቋንቋ) ትእዛዝ ጋር በመደመር ምልክት አይቀጥሉት። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በዋጋ ቦታ ትእዛዝ ጽፎ ሰንጠረዡን ሊያስነብብ ወይም ሊያስጠፋ ይችላል። በትእዛዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያስቀምጡ፣ እሴቶቹን ለብቻ ይስጡ፤ ያን ጊዜ ዳታቤዙ የመጣውን እንደ መረጃ እንጂ እንደ ትእዛዝ አይቆጥረውም።

ደረጃ 6፦ ገጹን ይጻፉ

«ፐብሊክ» የሚባል ፎልደር ፈጥረው ኤችቲኤምኤሉን እዚያ ያስቀምጡ፤ ኤክስፕረስም ያንን ፎልደር እንዲያድል ይዘዙት፤ የደረጃ 3ቱን «ደርሷል» የሚለውን መልስ አሁን ያጥፉት። ገጹ ሦስት መምረጫዎች፣ አንድ የቁጥር መሙያ፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ ባዶ ሰንጠረዥና አንድ የመልእክት መስመር ይበቃዋል። ካርሴት ዩቲኤፍ 8 የሚለውን መስመር አይርሱ፤ ከሌለ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። የዋጋውን መሙያ ዓይነት ነምበር ያድርጉት። ተጠቃሚው 12,500 ብሎ በኮማ ወይም በግእዝ አኃዝ ከጻፈ ጃቫስክሪፕት እንደ ቁጥር አይቀበለውም።

የኤችቲኤምኤል ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት። እንዲያ ሲከፈት ብራውዘሩ ገጹን ከሰርቨሩ ጋር ዝምድና እንደሌለው እንግዳ ያየዋልና ኮርስ (ከሌላ ምንጭ የመጣ ገጽ መልስ እንዳያነብ የሚያግድ የብራውዘር ሕግ) የሚል ኢረር እያሳየ መልሱን ይከለክለዋል። ሁልጊዜ በሎካልሆስት 3000 በኩል ይክፈቱት።

ደረጃ 7፦ ገጹንና ሰርቨሩን ያነጋግሩ

ብራውዘሩ ገጹን ሳያድስ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገርበት ትእዛዝ ፌች ይባላል። በሁለት ደረጃ ይሥሩት።

ሀ) ማንበብ። ገጹ ሲከፈት በፌች ዋጋዎቹን ይጠይቁ፣ መልሱን ከጄሰን ይፍቱ፣ ለእያንዳንዱ ዋጋ አንድ ረድፍ ይፍጠሩ። መልስ ከሩቅ ስለሚመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ካላዘዙት በቀር ሳይጠብቅ ያልፋል። ስለዚህ በፌችም በጄሰን መፍቻውም ፊት አዌት የሚለውን ቃል ያስቀምጡ። በዋጋው ፈንታ «ፕሮሚስ» የሚል ነገር ካዩ አንዱን አዌት ረስተዋል። ጽሑፉን ወደ ረድፉ ሲያስገቡ በቴክስት ኮንቴንት ያስገቡት፤ በኢነር ኤችቲኤምኤል ካስገቡት ሰው የላከው ኮድ በሌሎች ሰዎች ስልክ ላይ ሊሠራ ይችላል።

ለ) መላክ። ቅጹ ሲላክ ብራውዘሩ በልማዱ ገጹን እንደ አዲስ ይከፍታል። ፕሪቬንት ዲፎልት በሚለው ትእዛዝ ይህን ያስቁሙ፤ ከዚያ ዋጋውን በ100 አባዝተው ወደ ሙሉ የሳንቲም ቁጥር አጠጋግተው በፖስት ይላኩ፣ የይዘቱ ዓይነት ጄሰን መሆኑንም በራስጌው ይግለጹ። 201 ሲመጣ ሰንጠረዡን ከሰርቨሩ እንደገና ያንብቡ።

አሁን ስለ ኔትወርክ። መዝጋቢው ገበያ መሃል ቆሞ ቁልፉን ይጫናል፤ ዋጋው ሰርቨሩ ደርሶ ይመዘገባል፤ መልሱ ግን በመንገድ ላይ ይቀራል። ሰውየው ምንም ስላላየ እንደገና ይጫናል፣ አንድ ዋጋ ሁለቴ ይገባል። ሁለት ነገር ያድርጉ። ቁልፉን እንደተጫነ ያሰናክሉትና «በመላክ ላይ» ይበሉ፤ መልስ ሲመጣ ወይም ሙከራው ሲከሽፍ መልሰው ይክፈቱት። ሁለተኛው በደረጃ 4 የጣሉት ገደብ ነው፤ ድጋሚ ሲላክ ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል፣ ሰርቨሩ 409 ይመልሳል፣ ገጹም «ይህ ዋጋ ቀድሞ ተመዝግቧል» ይላል። ሰውየው የሚፈልገውን እርግጠኝነት ያገኛል፤ መዝገቡም አይበላሽም።

ማስጠንቀቂያ፦ ፌች 400 ወይም 500 ሲመጣለት እንደ ስሕተት አይቆጥረውም፤ ስሕተት የሚለው ግንኙነቱ ራሱ ሲቋረጥ ነው። ስለዚህ መልሱ ኦኬ መሆኑን ሁልጊዜ ራስዎ ይጠይቁ። ይህን ካላደረጉ ገጽዎ ያልተመዘገበውን ዋጋ «ተመዝግቧል» እያለ ሰው ያሳስታል።

አልሠራ ሲል የት እንደሚታይ

ቀይ ጽሑፍ ሲያዩ አብሽሩ፤ ቦታውን እየነገረዎት ነው። ኤፍ 12ን ይጫኑና ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ከፍተው ሥራውን ይድገሙት። ከዚያ በቅደም ተከተል ይጠይቁ።

1. ጥያቄው ወጥቷል? በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ጥፋቱ ገጹ ላይ ነው፤ ምናልባት ቁልፉ ከተግባሩ ጋር አልተያያዘም።
2. የመጣው ቁጥር ስንት ነው? 404 ከሆነ አድራሻው ወይም ጌትና ፖስቱ ተለዋውጧል። 400 ከሆነ የላኩትን ይመርምሩ። 500 ከሆነ ብራውዘሩን ይተዉና ሰርቨሩ የሚሠራበትን ተርሚናል ያንብቡ፤ ምክንያቱ እዚያ ተጽፏል።
3. መልሱ ትክክል ሆኖ ገጹ ላይ ካልታየ ረድፉን የሚፈጥረውን ኮድ ይመልከቱ።

ኮዱን ለውጠው ምንም ካልተለወጠ ፋይሉን ሴቭ ማድረግዎን፣ ሰርቨሩም በትክክለኛው ፎልደር መነሳቱን ያረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ በስልክ ይሞክሩት

ስልኩንና ኮምፒውተሩን በአንድ ዋይፋይ ወይም ሆትስፖት ያገናኙ፤ የኢንተርኔት ፓኬጅ አያስፈልግም። ስልኩ ላይ ሎካልሆስት ብለው አይጻፉ፤ ያ ስም «ይኸው መሣሪያ» ማለት ስለሆነ ስልኩ ሰርቨሩን ራሱ ውስጥ ይፈልጋል። የኮምፒውተርዎን የአይፒ አድራሻ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 ይጀምራል፤ ከኋላው ባለ ሁለት ነጥብና 3000ን ያክሉበት። ካልከፈተ የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ኖድን እየከለከለው እንደሆነ ይመልከቱ። በስልክ አስገብተው በኮምፒውተር ካዩት፣ በኮምፒውተር አስገብተው በስልክ ካዩት፣ መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ተከፍቷል።

ደረጃ 9፦ ለሕዝብ ከመክፈትዎ በፊት

እስካሁን የሠሩት ማንም ገብቶ ዋጋ እንዲጽፍ የሚፈቅድ መዝገብ ነው። ኢንተርኔት ላይ ከማውጣትዎ በፊት የመመዝገቢያው በር የይለፍ ቃል ይጠይቅ፤ ቃሉንም በግልጽ ሳይሆን ሀሽ አድርገው፣ ማለትም ወደ ቀድሞው ወደማይመለስ ጽሑፍ ለውጠው ያስቀምጡ። ግንኙነቱ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ መንገድ) ይሁን፣ አለበለዚያ የይለፍ ቃሉ በመንገድ ላይ ይነበባል። ሰርቨሩን የሚያኖሩበት ቦታ እንደገና ሲነሳ ፋይሎችን የማያጠፋ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ አንዳንድ ነጻ አገልግሎቶች ያጠፋሉ፣ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ደግሞ ፋይል ነው።

በየገበያው ቀን ማታ ሰርቨሩን ለጥቂት ጊዜ አጥፍተው የዳታቤዙን ፋይል ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ በሚጻፍበት ሰዓት ከተገለበጠ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። የገለበጡትንም ሌላ ፎልደር ውስጥ ከፍተው የዕለቱ የመጨረሻ ዋጋ መኖሩን ይዩ፣ ከዚያ ፍላሹን ከላፕቶፑ ለይተው ያስቀምጡ።